ለአንድ ወረዳ 45 ፈቃድ፦ ሳን ፍራንሲስኮ የሲጋራ ሱቆችን ቁጥር የገደበችበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ2014 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲጋራ የመሸጥ ፈቃድ ያላቸው ሱቆች አንድ ሺህ ያህል ነበሩ። ከተማዋ በ11 የምርጫ ወረዳዎች የተከፈለች ስትሆን ወረዳዎቹ የሚይዙት ሕዝብ ተቀራራቢ ነው። በ2010 ቆጠራ የተገኘው 805,235 ነዋሪ ለ11 ሲካፈል ለአንድ ወረዳ 73 ሺህ ገደማ ይደርሰዋል። ሱቆቹ ግን እንደ ሕዝቡ አልተከፋፈሉም። ስድስተኛው ወረዳ ብቻውን 270 ፈቃድ ነበረው፤ ሰባተኛው 37። በአንዱ ለሺህ ነዋሪ አራት የሚጠጋ የሲጋራ መሸጫ፣ በሌላው ለሁለት ሺህ ነዋሪ አንድ ማለት ነው።

ስድስተኛው ወረዳ ቴንደርሎይንንና ሳውዝ ኦፍ ማርኬትን ያቅፍ ነበር። ቴንደርሎይን አንድ ክፍል ብቻ የሚያከራዩ አሮጌ ሆቴሎች የበዙበት ሰፈር ነው። ጡረተኞች፣ አካል ጉዳተኞች፣ ከውጭ የመጡ ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው፣ መጠለያ የሌላቸው ሰዎች በጥቂት ጎዳናዎች ላይ ተጨናንቀው ይኖሩበታል። ሙሉ ሱፐርማርኬት ያጣ ሰፈር ስለነበር ነዋሪው አስቤዛውንም ሲጋራውንም የሚገዛው ከዚያው ከጥግ ሱቅ ነው። ሰባተኛው ወረዳ ደግሞ ከትዊን ፒክስ ኮረብታ በስተምዕራብ ያሉትን፣ አብዛኛው ሰው በራሱ ቤት የሚኖርባቸውን ሰፈሮች ይይዛል፤ ሱቅ የሚገኘው እንደ ዌስት ፖርታል ባሉ ጥቂት የንግድ መንገዶች ላይ ነው።

የሁለቱ ወረዳዎች ልዩነት የአጋጣሚ ነው እንዳይባል፣ ከተማዋ ራሷ ስታጠናው ለነዋሪው ቁጥር ሲታይ የሲጋራ መሸጫ የበዛባቸው ስድስት ወረዳዎች የቤተሰብ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ስድስቱ ሆነው ተገኙ።

ሱቁ ለምን ጉዳይ ሆነ

አንድ ሰው ሲጋራ ማጨስ ከፈለገ ሁለት መንገድ ተሻግሮም ይገዛል፤ ታዲያ የሱቅ ቁጥር ምን ለውጥ ያመጣል? ይህን ጥያቄ ነጋዴውም ፖለቲከኛውም ያነሳው ነበር፤ ተገቢም ጥያቄ ነው።

መልሱን ለማግኘት ወደ 1998 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ትልልቆቹ የአሜሪካ ሲጋራ አምራቾች ከ46 ክፍለ ግዛቶች ጋር ባደረጉት የክስ ስምምነት የመንገድ ላይ ትልልቅ ማስታወቂያዎች ተነሱ። በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ሲጋራ ማስተዋወቅ ቀድሞ ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ ማስታወቂያው ወደ ሱቅ ገባ። ኩባንያዎቹ ለማስተዋወቅ ከሚያወጡት ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የያዘው ዛሬም ለቸርቻሪና ለጅምላ ሻጭ የሚሰጠው የዋጋ ቅናሽ ነው። ቅናሹን የሚያገኝ ሱቅ በምላሹ የመደርደሪያውን ምርጥ ቦታ ይሰጣል። ገንዘብ ተቀባዩ ከቆመበት ኋላ፣ ማንም ሒሳብ ሲከፍል ዓይኑ በሚያርፍበት ከፍታ ላይ፣ ፓኮዎቹ ፊታቸውን ወደ ደንበኛው አዙረው ግድግዳ ሠርተው ይደረደራሉ። ከታች በልጅ ቁመት ከረሜላ አለ። ማጨስ ካቆመ ሁለት ሳምንት የሆነው ሰው ወተት ሊገዛ ገብቶ የሚቆመው ከዚያ ግድግዳ ፊት ነው።

በዌስት ፖርታል የሚኖር ሰው ይህን ግድግዳ የሚያየው ሲፈልገው ነው። በቴንደርሎይን የሚኖረው ግን ከቤቱ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ ደጋግሞ ያልፈዋል፤ ልጁም ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድና ሲመለስ ያልፈዋል። ሱቆች ሲጠጋጉ እርስ በርስ በዋጋ ይፎካከራሉ፤ ርካሽ ሲጋራ ደግሞ ቀድሞ የሚይዘው ኪሱ የሳሳውን ነው። የአሜሪካ ዋና የጤና ሹም በ2014 ባወጡት ሪፖርት ማጨስ በአገሪቱ በዓመት ከ480,000 በላይ ሰው እንደሚገድል ተገልጿል። ይህ ሞት በሁሉም ሰፈር እኩል አይወድቅም፤ በአገሪቱ ድሃው ከሀብታሙ ይልቅ በብዛት ያጨሳል፤ ለማቆም ሲሞክርም የሚሳካለት ያነሰ ነው።

እርግጥ ነገሩ ወደ ኋላም ሊነበብ ይችላል። ነጋዴ ሱቅ የሚከፍተው ገዢ ባለበት ነው፤ አጫሽ በበዛበት የሲጋራ መሸጫ ቢበዛ ምን ይገርማል? ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ይመግባል። ሕግ አውጪው የትኛው ቀደመ የሚለውን ክርክር መፍታት አይጠበቅበትም። አጫሹን በአዋጅ ማስቆም አይችልም፤ በእጁ ያለው ፈቃዱ ነው።

መሬቱ የተጠረገው ቀደም ብሎ ነው

የፈቃዱ ሥርዓት የመጣው በ2003 ሲሆን ከዚያ ወዲህ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲጋራ ለመሸጥ ከከተማው የጤና መምሪያ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ሆነ። መጀመሪያ የታሰበው ለሕፃናት የሚሸጡትን ለመቅጣት ነበር፦ ሲደረስባቸው ፈቃዳቸው ለተወሰነ ጊዜ ይታገዳል። ያኔ ብዙም ትኩረት ያልሳበው ነገር፣ ከተማዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የእያንዳንዱ ሻጭ አድራሻ በእጇ መግባቱ ነው። አድራሻ ካለ ካርታ ይሠራል፤ ካርታ ካለ ደግሞ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

በ2008 ከተማዋ በፋርማሲ ውስጥ ሲጋራ እንዳይሸጥ ከለከለች፤ በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ነበረች። ትልቁ የፋርማሲ ኩባንያ ዋልግሪንስ ከሰሰ። በ2010 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ከተማዋ ፋርማሲ ያላቸውን ሱፐርማርኬቶች ትታ ዋልግሪንስን በመሰሉት ላይ ብቻ ክልከላውን መጣሏ የእኩልነት ጥያቄ ያስነሳል አለ። ከተማዋም ሕጉን በመተው ፈንታ ሱፐርማርኬቶቹንም ጨመረችበት። ይህ ለኋላው ትልቅ ትምህርት ነበር፦ የመሸጥ ፈቃድን መገደብ ይቻላል፤ ተመሳሳይ ሻጮችን ለይቶ ማየት ግን ፍርድ ቤት ያስኬዳል።

ካርታውን ይዘው የመጡት ልጆች

ገደቡን ወደ ከተማው ምክር ቤት የገፉት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ዩዝ ሊደርሺፕ ኢንስቲትዩት በተባለ ድርጅት ሥር የተሰባሰቡ፣ በምህጻር ተርፍ የሚባል የወጣቶች ቡድን ነበራቸው። የፈቃድ አድራሻዎችን በካርታ ላይ አሰፈሩ፤ ነዋሪዎችንም ባለ ሱቆችንም ጠየቁ፤ የምክር ቤት አባላትን ቢሮ ለቢሮ እየዞሩ አነጋገሩ። ሥራው ዓመታት ወሰደ። ከጀመሩት አንዳንዶቹ ትምህርት ጨርሰው ሄዱ፤ ተከታዮቻቸው ተረከቡ።

የካርታው ጉልበት ቀላልነቱ ነው። ስድስተኛው ወረዳ ላይ ነጥቦቹ ተደራርበው አንድ ጥቁር ቦታ ይሠራሉ፤ ምዕራቡ ግን ነጭ ነው። በጤና ክርክር ውስጥ ሰው ሁሉ "አጫሹ ራሱ መርጦ ነው" ማለት ይቀለዋል። ካርታው የሚያሳየው ግን ከተማው ራሱ በየዓመቱ ፊርማውን ያኖረባቸውን ፈቃዶች ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ከአጫሹ ትከሻ ወርዶ ፈቃድ ሰጪው ላይ ያርፋል። በእኔ አመለካከት ሕጉ ያሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የዝርዝር ድርድር ነበር።

ሐሳቡን በምክር ቤት ያነሱት የአንደኛው ወረዳ ተወካይ ኤሪክ ማር ናቸው። እኚህ ሰው በ2010 የልጆች ምግብ የጤና መስፈርት ካላሟላ ነፃ መጫወቻ አብሮት እንዳይሰጥ የሚከለክል ሕግ አቅርበው አገር ያነጋገሩ ነበሩ። በ2013 ደግሞ የጥግ ሱቆች አትክልትና ፍራፍሬ በብዛት እንዲይዙ ድጋፍ የሚሰጥ ፕሮግራም በሕግ እንዲቋቋም ያደረጉ ናቸው። ይህ ሁለተኛው ሥራቸው ለሲጋራው ጉዳይ ሳያግዛቸው አልቀረም፤ ባለ ሱቆቹ ዘንድ የሚቀርቡት ሊቀጣቸው ብቻ እንደሚመጣ ሰው አልነበረም።

የባለ ሱቆቹ ጉዳይ

ጽሑፉን ስጀምር ተቃዋሚው ትምባሆ ኩባንያ ነው ብዬ ብተርክ ይቀል ነበር። በ2014 ግን ከተማሪዎቹ ፊት ለፊት የተቀመጠው የአረብ አሜሪካውያን ግሮሰሪ ባለቤቶች ማኅበር ነው። የሳን ፍራንሲስኮን የጥግ ሱቆች ጥሩ ክፍል የያዙት ከየመን፣ ከፍልስጤምና ከአካባቢው የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ባልና ሚስት ተቀያይረው ይሠራሉ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ያግዛሉ። ድሃ ሰፈር የገቡትም ኪራዩን የሚችሉት እዚያ ስለሆነ ነው። የጤና ልዩነቱን የሚያስተካክለው ሕግ ሸክሙን የሚጥለው እንግዲህ በሌሎች አቅመ ውስን ሰዎች ላይ ነው። ስለዚህ ነገር የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፤ የጉዳዩ እምብርት ግን ይህ ይመስለኛል።

የባለ ሱቆቹ ስጋት ከዕለት ሽያጩ አልፎ ይሄዳል። ሲጋራ ትርፉ ቀጭን ቢሆንም ደንበኛ ይጠራል፤ ለሲጋራ የገባ ሰው ሌላም ነገር ይዞ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ሱቁ ሲሸጥ የሚመጣው ነው። ባለ ሱቁ ጡረታ የለውም፤ ጡረታው ሱቁ ነው። ሠላሳ ዓመት ሠርቶ ሲደክመው ሱቁን ከነስሙና ከነደንበኛው ይሸጥና በዚያ ይኖራል። ፈቃዱ ወደ ገዢው የማይተላለፍ ከሆነ ገዢው ዋጋውን ይሰብራል። ሕጉ ነባሮቹን ባይነካም እንኳ፣ ሱቃቸው በሚሸጥበት ቀን ይነካቸዋል።

ድርድሩ የዞረው በዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው ስምምነት ፈቃድ ያለው ሁሉ እንደያዘ እንዲቀጥል፣ ለረጅም ጊዜ የሠሩ ባለቤቶች ሱቃቸውን ሲሸጡ ገዢው በተወሰነ ሁኔታ አንድ ጊዜ ፈቃድ እንዲያገኝ፣ ለቤተሰብም ልዩ መንገድ እንዲኖር አደረገ። ተማሪዎቹ የፈለጉትን ፍጥነት አጡ፤ ባለ ሱቆቹ ደግሞ ገደብ የሚባል ነገር እንደሚመጣ ተቀበሉ። ምክር ቤቱ በታኅሣሥ 2014 በሙሉ ድምፅ አጸደቀው፤ በጥር 2015 ሥራ ላይ ዋለ።

ሕጉ ሲሠራ

ለአንድ ወረዳ የሚፈቀደው ጣሪያ 45 ሆነ። ወረዳው ከ45 በላይ ካለው አዲስ ፈቃድ አይሰጥም። ከትምህርት ቤት በ500 ጫማ፣ ማለትም በ150 ሜትር ገደማ ውስጥ ላለ ቦታ አዲስ ፈቃድ የለም፤ ሌላ የሲጋራ መሸጫ በ500 ጫማ ውስጥ ካለም እንደዚሁ። ቀድሞ ሲጋራ ያልተሸጠበት ቤትም አዲስ ፈቃድ አያገኝም፤ ቡና ቤትና ምግብ ቤትም አያገኙም።

ቴንደርሎይን ውስጥ በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሱቆችን እናስብ። የአንደኛው ባለቤት ኪራይ አልቻልኩም ብሎ ዘጋ እንበል። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሰው ቤቱን ተከራይቶ ለስላሳና ብስኩት ደርድሮ ለሲጋራ ፈቃድ ያመለክታል። የጤና መምሪያው መጀመሪያ የወረዳውን ቁጥር ያያል፦ ከ45 በላይ ነው፤ እዚያው ላይ ያበቃል። ባያበቃ እንኳ ማዶ ያለው ሱቅ 500 ጫማ አይርቅም። ያም ባይኖር በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ሊኖር ይችላል። የማዶው ሱቅ ባለቤት ግን ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ተፎካካሪው ጠፍቶለታል። ገደቡ ነባሩን የሚያስከፋ ይመስላል እንጂ፣ ፈቃዱ በእጁ ያለ ሰው ብርቅዬ ነገር የያዘ ሆኗል። ባለ ሱቆቹ ከተቃውሞ ወደ ድርድር ለመምጣታቸው ይህም የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም።

45 ሲባዛ በ11 ውጤቱ 495 ነው። ከተማዋ ነባሩን ቁጥር በግማሽ መቁረጥ ፈለገች ማለት ነው፤ የጊዜ ገደብ ግን አላስቀመጠችም። ሱቆች የሚዘጉት ባለቤት ሲያረጅ፣ ኪራይ ሲንር፣ ሕንፃ ሲፈርስ ነው።

ድክመቱም ከዚሁ ይመጣል። ስድስተኛው ወረዳ ከ270 ወደ 45 ለመውረድ 225 ፈቃድ መጥፋት ነበረበት። በዓመት 20 ቢጠፋ እንኳ ከ11 ዓመት በላይ ይፈልጋል። ሰባተኛው ወረዳ ግን ከመጀመሪያው ከጣሪያው በታች ስለነበረ፣ በዚያው ቀን "ግቡን ያሳካ" ወረዳ ሆነ፤ ስምንት አዲስ ሱቅ የሚያስገባ ቦታም ተረፈው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር መስጠት ለፍርድ ቤት ያመቻል፤ ከዋልግሪንስ ክርክር በኋላ ከተማዋ ለምን እንደመረጠችው ይገባኛል። ግን መነሻቸው ሰባት እጥፍ የሚለያይ ወረዳዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር ማስገባት፣ ሕጉ በዋናነት የታሰበለትን ሰፈር መጨረሻ ላይ እንዲደርስ ያደርገዋል። ይኸው ከተማ በ2008 ፋርማሲዎችን በቁርጥ ቀን አስቁሟል፤ ለጥግ ሱቆች ያንን ያላደረገው ፋርማሲው ሲጋራ ቢያጣም የማይዘጋ ትልቅ ኩባንያ ስለሆነ ይመስለኛል። በመካከል ሦስተኛ መንገድ ነበረ፦ በጣም በተጨናነቁት ሰፈሮች ፈቃዳቸውን በፈቃዳቸው ለሚመልሱ ባለ ሱቆች ካሳ መክፈል። ገንዘብ ይጠይቃል፤ ግን ጊዜ ያሳጥራል።

ስለ 270ው አንድ ነገር መጨመር አለበት። ሳውዝ ኦፍ ማርኬት ቢሮዎች፣ ሆቴሎችና የሞስኮኒ የስብሰባ ማዕከል ያሉበት ነው፤ ቀን ቀን ከነዋሪው ሌላ ብዙ ሰው ይውልበታል። ስለዚህ ለሺህ ነዋሪ አራት የሚጠጋ የሚለው ስሌት ሱቆቹ የሚያገለግሉትን ሰው ሁሉ አይቆጥርም። ይህ ግን የቴንደርሎይንን ልጅ አይጠቅመውም፤ ሱቁ ለጎብኚ የተከፈተ ቢሆንም እሱም ከፊቱ ያልፋል።

ፊላዴልፊያ ያደረገችው

ይህን የአቆጣጠር ነገር ፊላዴልፊያ አስባበታለች። የከተማዋ የጤና ቦርድ በታኅሣሥ 2016 ባወጣው ደንብ ጣሪያው በፕላን ወረዳ (ከተማዋ ለዕቅድ ሥራ በከፋፈለቻቸው አካባቢዎች) ሆኖ፣ ቀን ቀን በዚያ ለሚውል ለ1,000 ሰው አንድ መሸጫ ተባለ። ከትምህርት ቤት በ500 ጫማ ውስጥ አዲስ ፈቃድ ተከለከለ፤ የፈቃድ ክፍያው ከ50 ዶላር ወደ 300 ዶላር ከፍ አለ። ያኔ የፊላዴልፊያ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰፈሮች ለነዋሪው ሲሰላ ከፍ ያለ ገቢ ካላቸው ሰፈሮች 69 በመቶ የበለጠ የሲጋራ መሸጫ ነበራቸው። ደንቡ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ በተደረገ ጥናት በከተማዋ የሱቆቹ መጠጋጋት በ20.3 በመቶ ቀነሰ። እዚያም ነባሮቹ አልተነኩም። ልዩነቱ ክፍያው ላይ ይመስለኛል፦ በሳምንት ጥቂት ፓኮ ብቻ የሚሸጥ ሰው በ50 ዶላር ፈቃዱን ዝም ብሎ ያድሳል፤ 300 ሲሆን ቆም ብሎ ያሰላል። የሳን ፍራንሲስኮው ሱቅ የሚጠፋው ባለቤቱ ሲሄድ ነው፤ የፊላዴልፊያው ባለቤቱ እያለም ሊተወው ይችላል።

ኩባንያው ሲመጣ

በ2014 ከመድረኩ ያልታየው ኩባንያ በኋላ ተገለጠ። ሳን ፍራንሲስኮ በ2017 ሜንቶልን ጨምሮ ጣዕም ያላቸውን የትምባሆ ምርቶች ስትከለክል የሲጋራ አምራቹ አር ጄ ሬይኖልድስ ፊርማ አሰባስቦ ጉዳዩን ወደ ሕዝብ ድምፅ ወሰደው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላርም አፈሰሰበት። ከመከራከሪያዎቹ አንዱ የትንንሽ ሱቆች እንጀራ ነበር። በሰኔ 2018 ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ 68 በመቶው ክልከላውን ደገፈ። በኅዳር 2019 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ አምራቹ ጁል ያቀረበውን፣ የከተማዋን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ክልከላ የሚሽር ሐሳብ ከ80 በመቶ በላይ የሆነው መራጭ ጣለው።

ይህ ለገደቡ ጥናት አስቸጋሪ ጎን አለው። በ2016 የመግዣ ዕድሜ 21 ሆነ፤ በ2017 የካሊፎርኒያ የሲጋራ ቀረጥ በፓኮ 2 ዶላር ጨመረ፤ በ2018 የጣዕሙ ክልከላ ጸና። ከዚያ በኋላ ቴንደርሎይን ውስጥ አንድ ሰው ማጨስ ቢያቆም፣ ለማን ምስጋና እንደሚሰጥ መለየት አይቻልም። ገደቡን በብቻው "አጫሽ ቀነሰ ወይ?" ብሎ መፈተን ስለዚህ ትክክለኛ ፈተና አይደለም። ፍትሐዊው ፈተና በየወረዳው ያለው የፈቃድ ቁጥር እየተቀራረበ ነው ወይ የሚለው ነው፤ ይህ ደግሞ ከጤና መምሪያው የፈቃድ መዝገብ ላይ በየዓመቱ የሚቆጠር ነገር ነው። ሕጉን ያስወጡት ተማሪዎች የሠሩት ካርታ ላይም ያው መዝገብ ነው የሚሰፍረው፤ የ2014ቱን ነጥቦች ከአዲሶቹ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል።